እምቢ ያለውን ጠይቁት

በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ገጠር «የጤና መዝገቤን ማን ያየዋል?» ብሎ የጠየቀ ሰው አፉን የሚያስይዙ ቃሎች ይወረወሩበታል። ቃሎቹ አጫጭር ናቸው። መልሶ የሚናገራቸው ስለጠፋ ብቻ እውነት መስለው ከርመዋል። ዛሬ አንድ በአንድ ይመለሱ።

«የገበሬ ጤና ደግሞ ምን ምስጢር አለው?»

ከከተሜው ይበልጥ አለው። አዲስ አበባ ላይ የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ የሚኖር ሞልቷል። ጃቢ ጠህናን ወረዳ ውስጥ ግን የሰው በሽታ ከባለቤቱ ቀድሞ ምንጭ ይወርዳል፣ ወፍጮ ቤት ይደርሳል። ወሬው የሚያፈርሰው ጋብቻ አለ፣ የሚያቀዘቅዘው ማኅበር አለ፣ የሚያስቀረው ደቦ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የእያንዳንዱ ሰው የግል ሕይወት ይከበር ሲል ገበሬን ለይቶ አላወጣም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ የገበሬን መዝገብ ሳያስፈቅድ የሚከፍት መጀመሪያ ገበሬውን ንቋል።

«የምትደብቀው ከሌለህ ምን ያስፈራሃል?»

ቤቴ ውስጥ የሰረቅሁት የለም፤ በሩን ግን እዘጋለሁ።

«ስም የለበትም፤ የሚላከው ቁጥር ብቻ ነው።»

በቁጥሩ ጠብ የለንም። ጤና ጣቢያው በወሩ ስንት ሕፃን የኩፍኝ ክትባት እንደወሰደ፣ ስንት ሰው ወባ እንደያዘው ደምሮ ዲኤችአይኤስ 2 በተባለው የመረጃ ሥርዓት ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልልና ወደ ጤና ሚኒስቴር ቢልክ መድኃኒቱም አጎበሩም የሚታቀደው በዚያ ነው። ይላክ። ጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ የተደረደረው የቤተሰብ ማህደር ግን ሌላ ነው። የአባወራው ስም፣ የእማወራዋ እርግዝና፣ የልጆቹ ክትባት፣ የወሊድ መከላከያው፣ የመጸዳጃ ቤቱ ነገር ሳይቀር እሱ ውስጥ አለ። አሁን ደግሞ ይኸው ማህደር ወደ ታብሌት እየገባ ነው።

«ስሙን ሰርዘነዋል» ማለትም ብቻውን አይበቃም። አንድ የገጠር ቀበሌ አምስት ሺህ ሰው ገደማ ነው። «ሴት፣ 34 ዓመት፣ ባሏ የሞተባት፣ የሦስት ልጆች እናት፣ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ተጠቃሚ» ብላችሁ ከነቀበሌው አውጡት፤ የጎደለውን ስም ጎረቤቷ ይሞላዋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

እውነት ነው፤ ለሐኪም አይደበቅም። ተረቱ ግን ለታማሚው የተነገረ ምክር ነው፤ የሰሙትን ሁሉ ለጠየቀ ለማካፈል ለማንም ፈቃድ አይሰጥም። ለሚያክመኝ የነገርኩት እንዲያክመኝ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ የፈለገው፣ ለፕሮጀክት ሪፖርት የፈለገው፣ መተግበሪያ ሊሠራበት የፈለገው በየራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ።

«ፈርመዋል እኮ፤ የጣት አሻራቸው አለ።»

ልጄ፣ አሻራው እንዴት እንደመጣ ልንገርህ። ጠያቂው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ግቢ ይገባል። እማማ ከእሳቱ ዳር ተነሥተው በርጩማ ያወጣሉ፣ እጃቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ «ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» ይላሉ። ሁለት ገጽ ወረቀት በጥድፊያ ይነበብላቸዋል። «የመረጃው ምስጢራዊነት የተጠበቀ ሆኖ» ምናምን እያለ ያልፋል። እማማ የያዙት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ሰውየው ከመንግሥት ነው፣ ልጅቱም አብራው መጥታለች። እንግዳ ደግሞ እምቢ አይባልም። አውራ ጣታቸው ቀለሙን ነክቶ ወረቀቱ ላይ ያርፋል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስልህ። ተመራማሪው ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በደቡብ ኢትዮጵያ በእግር ዝሆኔ ሕመም ላይ የዘር ጥናት ከመጀመሩ በፊት «ፈቃድ እንዴት ይጠየቅ?» ብለው ሕሙማኑን፣ ጎረቤቶቻቸውን፣ የመስክ ሠራተኞችንና የማኅበረሰብ መሪዎችን አነጋገሩ፤ ያገኙትንም እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። በእውነተኛ ፈቃድ ፊት የቆሙት እንቅፋቶች የሕሙማኑ ድህነት፣ ሌላ መታከሚያ አለመኖሩና ለሚረዳቸው ድርጅት ያላቸው አመኔታ ነበሩ። ያሉትን ልብ በል፤ አመኔታ ራሱ እንቅፋት ሆነ፤ ያመነ ሰው አይጠይቅምና። መፍትሔውንም አብረው ጽፈዋል፦ በዕለት ተዕለት ቋንቋ ተናገር፣ አስቀድመህ ማኅበረሰቡን ሰብስበህ አስረዳ፣ ሕዝቡ በሚያምነው ሰው በኩል ቅረብ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ለብቻው ጠይቅ። ስለዚህ አሻራውን ከማሳየትህ በፊት አንድ ነገር መልስልኝ፤ እማማ እምቢ ማለት እንደሚችሉ ያውቁ ነበር?

«አንተ ልጅ፣ እምቢ ካልን እኮ ሕክምናውን ይከለክሉናል» ያሉኝ አዛውንትም አሉ።

አይከለክሉዎትም፣ አባባ። አገሪቱ የምትሠራበት የጥናት ሥነ ምግባር መመሪያ ራሱ፣ በጥናት አልሳተፍም ያለ ሰው ከሚያገኘው ሕክምና ምንም አይጎድልበትም ይላል። ሕክምናዎ የመዝገብዎ ዋጋ አይደለም። ይህን አንድ ቃል ብቻ የሚነግርዎት ቢኖር ኖሮ ይህን ፍርሃት ይዘው አይከርሙም ነበር።

«በነፃ እየታከመ ምን ይጠይቃል?»

በነፃ አይደለም። ግብር ይከፍላል፤ ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም በየዓመቱ ያዋጣል። ይህ መድን እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ ያኔ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ የነበረው ደቡብ አቸፈር ነው። አገር ሁሉ የተማረው ከዚያ ገበሬ መዋጮ ነው። ከፋይ ይጠይቃል።

«ሕዝቡ እምቢ ካለ ጥናት ይሞታል።»

ጥናት እንዲሞት የሚፈልግ ከእኛ ወገን የለም። ደምበጫንና ደብረ ኤልያስን ተመልከቱ። በሁለቱ ወረዳዎች ቤት ለቤት ተዙሮ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አለ። በ17,553 ቤቶች ውስጥ 1,704 ዝሆኔ ያለባቸው ሰዎች ተገኙ፤ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ከመቶው ሰው 3.3 ማለት ነው። ሕሙማኑ እግራቸው ማበጥ ከጀመረ በአማካይ 5 ዓመት ቆይተው ነበር ሕክምና የፈለጉት። ሕመሙ እየተቆጣ በዓመት በአማካይ 90 ቀን ይጥላቸው ነበር። ገበሬ 90 ቀን ተኛ ማለት ወይ የእርሻው ወይ የአረሙ ወይ የአጨዳው ወቅት አመለጠው ማለት ነው። ይህ ሕመም በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረገጥ የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ፣ በጫማና በመታጠብ የሚከላከሉት ነው። ይህን ማወቅ «እርግማን ነው»፣ «ይጋባል» ከሚል መገለል ሰው ያወጣል። ታዲያ እነዚያ 1,704 ሰዎች ያበጠ እግራቸውን ገልጠው አሳይተዋል፤ በዚህ አገር ከዚህ የሚከብድ እሺታ የለም። ሕዝቡ ለጥናት አይሰስትም። የሚያስከፋው ሳይነገረው ሲወሰድበት ነው።

ጥናት የሚጎዳው ከየት እንደሆነ እንግሊዞች በራሳቸው ላይ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የሁሉንም ታካሚ መዝገብ ወደ አንድ ማዕከል የሚሰበስብ «ኬር ዳታ» የተባለ ዕቅድ አወጡ። ሕዝቡ በቅጡ ሳይነገረው ሊጀመር ሲል ቁጣ ተነሣ፤ በ2014 ቆመ፣ በ2016 ጭራሽ ተዘጋ። በ2021 ሌላ ተመሳሳይ ዕቅድ በጥድፊያ ሲመጣ በአንድ ወር ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው «የእኔ መዝገብ አይሰጥ» ብሎ ተመዘገበ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። እነሱ ዘንድ ግን እምቢ ያለው ሰው ይቆጠራል፤ ቁጥሩም ለሕዝብ ይወጣል። ተመራማሪው ለምን እንደበዛ ያጠናል፣ ጋዜጠኛው ይጠይቃል፣ ሹሙ ይመልሳል።

«እሱ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ ዘንድ እምቢ የሚል የለም።»

አለ፤ የቆጠረው ግን የለም። ቡሬ ላይ እንዳትታይ ፈርታ መድኃኒቷን ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ድረስ ሄዳ የምትወስድ ሴት እምቢ ብላለች። ቤት ለቤት ሲመዘገብ አንድ ልጁን ሳያስቆጥር የሚያስቀር አባት እምቢ ብሏል። ያልሆነ ስም ሰጥታ የምትመረመር ልጅ እምቢ ብላለች። በካርድ ክፍል መስኮት «የሳንባ ነቀርሳ ክትትል ያላችሁ በዚህ በኩል!» ሲባል ሰምቶ፣ ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ቤቱ የተመለሰው እምቢ ብሏል። ሕጋዊ እምቢታ ሲታጣ ውሸት ይተካዋል። በውሸት የተሞላ መዝገብ ደግሞ ለሐኪሙም ለተመራማሪውም ለሚኒስቴሩም አይሆንም። ፊት ለፊት እምቢ ያለ ሰው ቢያንስ መዝገቡን አላበላሸባችሁም፤ አክብሩት።

«የሞተ ሰው አይጠየቅም፤ የሟች መዝገብ ማንን ይጎዳል?»

ልጁን ይጎዳል። አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1998 የሕዝቧን የጤና መዝገብ በአንድ ቋት የሚሰበስብ ሕግ አወጣች። ወደ 20 ሺህ ሰው አልገባም አለ፤ ከ300 ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ባላት አገር ይህ ብዙ ነው። አንዲት ልጅም የሟች አባቷ መዝገብ እንዳይገባ ጠየቀች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2003 ፈረደላት፤ ከአባትየው የዘር ውርስ የልጅየዋ ነገር ይታወቃልና ጉዳዩ የራሷም ነው አለ። ቋቱም ሳይሠራ ቀረ።

ይህ ፍርድ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ለዝሆኔ የመጋለጥ ነገር በዘር እንደሚወረስ የኢትዮጵያውያን ሕሙማንን ዘረመል የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 አሳይቷል። በጎጃም ደግሞ ለጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይጠየቃል፣ አጥንት ይቆጠራል። የአባት መዝገብ ያለ አግባብ ከወጣ የልጅቱ ሽማግሌ ከመንገድ ይመለሳል።

«ዳታው ውጭ አገር እኛ ዘንድ ቢቀመጥ ይሻላል።»

ዶክተር፣ የት ይቀመጥ የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው፣ ለምን ሊውል ነው የሚለው ነው። አሜሪካ ውስጥ የሃቫሱፓይ ጎሣ ሰዎች ለስኳር በሽታ ጥናት ብለው ደማቸውን ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ደሙ ግን ስለ አእምሮ ሕመምና ጎሣው ከየት እንደፈለሰ ለሚመረምሩ ሌሎች ጥናቶች ጭምር ዋለ። ተካሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኒቨርሲቲው 700 ሺህ ዶላር ከፍሎ፣ የቀረውን ደም ለባለቤቶቹ መለሰ። ያ ሁሉ የሆነው በዘመናዊ ማቀዝቀዣ በጥሩ ሁኔታ በተቀመጠ ደም ነው። ችግሩ ያለው አያያዙ ላይ ሳይሆን አለመጠየቁ ላይ ነበር።

«ሕግ በሌለበት አገር ምን ትሉታላችሁ?»

ሕግማ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በመጋቢት 2016 በተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ አስገብቶታል፤ ጠባቂነቱንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቶታል። ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን እንዲያውቅ፣ የተሳሳተውን እንዲያስታርም፣ እንዲቃወምም መብት ሰጥቷል። የጎደለው፣ ይህ አዋጅ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አባይን ተሻግሮ ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ አለመለጠፉ ነው። ግድግዳው ላይ ስለ አጎበር አለ፣ ስለ ክትባት አለ፣ ስለ ጡት ማጥባት አለ። «ስለ መዝገብህ መጠየቅ ትችላለህ» የሚል አንድ ወረቀት አብሮ ቢሰቀል ቦታ አይጠብም።

«ጥናቱ ታትሟል፤ ፈልጎ ማንበብ ነው።»

የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ግሽ አባይ ከምዕራብ ጎጃም ሰከላ ይፈልቃል፤ የደምበጫም የዝሆኔ ጥናት ከደምበጫ እግር ወጥቷል። ሁለቱም ፈስሰው ሌላ አገር ያጠጣሉ። ከላይ የጠቀስኳቸው የ2009ኙ የፈቃድና የ2012ቱ የደምበጫ የዝሆኔ ጥናቶች ያለ ክፍያ በሚነበብ መጽሔት ነው የወጡት፤ አሳታሚዎቹ ይመስገኑ። ግን በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ያኔ ለፍኖተ ሰላም ሐኪምም ቢሆን የተከፈተውና የተቆለፈው መጽሔት አንድ ነበሩ።

የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሁሉም ክፍት ሆኖ በአገሪቱ የዲጂታል ማከማቻ እንዲገባ አዟል። ደግ አደረገ። ለሁሉም ሲባል ግን መረጃውን የሰጠችው እማማም ከሁሉም አንዷ ናት። ሕዝብ እንዴት ፈቃድ እንደሚሰጥ፣ ለምን እንደሚከለክል የተጠናው ጥናት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ለእሷ መድረስ አለበት፤ ስለ ራሷ እምቢታ የተጻፈውን ከእሷ መደበቅ የለበትም።

«ይህን ሁሉ ከየት አምጥተን እንስጣችሁ?»

ከቢሮው መሳቢያ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ እንዲጠይቅ ፈቅዷል። ለመልሱ የቀን ገደብ አስቀምጧል፤ የተከለከለም ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። ይኸው አዋጅ የሌላውን ሰው የግል መረጃ አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል። ስለዚህ የጎረቤቴን በሽታ ንገሩኝ አልልም። ከወረዳችን መዝገብ ለየትኛው ጥናት ተወሰደ፣ ማን ፈቀደ፣ ምን ተገኘ፣ ስንት ሰው እምቢ አለ ብዬ እጠይቃለሁ። ይህ የሕዝብ ጉዳይ ነው።

«ሕዝቡ አያነብም።»

ይሰማል። ጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ሲጀመር 16 ፓኬጅ ነበረው። ጉድጓድ መቆፈሩን፣ እጅ መታጠቡን፣ አጎበር መስቀሉን፣ ክትባቱን ሁሉ ባለሙያዎቹ ቤት ለቤት በቃል አስተምረው አስለምደውታል። 16 ፓኬጅ የተማረ ሕዝብ አንድ ገጽ ውጤት አይከብደውም። ከቅዳሴ በኋላ ይነገረው፣ ዕድር ላይ ይነበብለት፣ ሰንበቴ ላይ ይወያይበት። አያቱ የተሟገተበትን የመሬት ድንበር ድንጋይ በድንጋይ የሚያስታውስ ሰው ስለ ገዛ እግሩ የተባለውን አይረሳም።

«ሥራ አትጨምሩብኝ፤ ያለው ራሱ በዝቶብኛል።»

እህቴ፣ አንቺ ላይ አይደለም። ማህደሩም ታብሌቱም ሪፖርቱም ዘመቻውም ባንቺ ትከሻ ላይ እንዳለ፣ ዝናብ ሲመጣ ጭቃውን በእግርሽ እንደምትሻገሪው እናውቃለን። ጫናው ከላይ ሆነው መረጃውን በሚያዙት ላይ ይሁን። ገንዘብ መድቦ መረጃ የሚሰበስብ፣ ገንዘብ መድቦ ውጤቱን ይመልስ። ካንቺ የምንፈልገው መዝገቡን ከመክፈትሽ በፊት አንዲት ቃል ነው፦ «አይሆንም ካልሽም ሕክምናሽ አይቀርም።»

«እሺ፣ ታዲያ ምን ይደረግ?»

አራት ነገር። አንደኛ፣ ለሕክምና የተሰጠ መረጃ ለሌላ ነገር ሲፈለግ ባለቤቱ በአማርኛ ይጠየቅ፤ እምቢም እሺም የሚልበት ቦታ ቅጹ ላይ እኩል ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ እምቢ ያሉት በየወረዳው ይቆጠሩ፤ ስማቸው ሳይሆን ቁጥራቸው ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ ለምን እምቢ እንዳሉ የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች ያጥኑ፤ ጥናቱንም ያለ ክፍያ ይክፈቱት። አራተኛ፣ ማንኛውም ጥናት በመጽሔት ከወጣ በኋላ አንድ ገጽ የአማርኛ ውጤት መረጃው ወደተወሰደበት ቀበሌ ይመለስ፤ ያልመለሰ ተመራማሪ ለሚቀጥለው ጥናት የድጋፍ ደብዳቤ አይጻፍለት።

«እምቢ የሚለውማ ይበዛል!»

ሳይነገረው ሲወሰድበት ነው የበዛው። ምክንያቱን ጠይቃችሁት፣ የነገራችሁን ጽፋችሁ ያስነበባችሁት ሰው በሚቀጥለው ዓመት ስትመጡ ራሱ በር ይከፍትላችኋል። አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ መልሱ።